ከፍ ያለው ባሕሩ ነው ወይስ መሬቱ? በኮራል ድንጋይ ላይ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሰ ጉዳዩ ጥንታዊ የኮራል ድንጋይ ነው፣ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከአፅማቸው የገነቡት ድንጋይ ማለት ነው። ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። አፋር ውስጥ፣ ዳናኪል በረሃ ላይ፣ ከባሕር ርቆ የኮራል ድንጋይ አለ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ ኮራል ተራራ ላይ ይገኛል። የካሪቢያን ደሴት በሆነችው ባርቤዶስ አጠገብ ከባሕር ሥር 100 ሜትር ወርዶ ይገኛል። አንዱ ባሕሩ ዝቅ ብሎ ነበር ይላል፣ ሌላው ከፍ ብሎ ነበር ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው ኮራል የባሕርን ከፍታ መዝግቧል የሚባለው ተረት ነው ብለው ደመደሙ። ዕድሜውም ግምት ነው አሉ። ባሕሩ ድሮ ያለ መኪና ከፍ ካለ ደግሞ የዛሬው ጩኸት ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፣ አይካድም። ከጥያቄዎቹም አንዳንዶቹ ተገቢ ናቸው። መልሱ ግን ውሃ አያነሳም። ነገር ከሥሩ ነውና ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። እሱን ረዘም አድርጌ አየዋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ጸሐፊው የኮራሉን ከፍታ አነበቡ። ከሥሩ ያለውን መሬት ግን ረሱት።

ዳናኪል የሚገኘው መሬት በሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዳባሁ በሚባለው የአፋር እሳተ ገሞራ አካባቢ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ቅልጥ አለት ከሥር ገባበት፣ በሰፊው ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህ ሁሉ የሆነው በሳምንታት ውስጥ ነው። ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር የተቀመጠ ድንጋይ 125,000 ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ይቆያል?

የዳናኪል ኮራሎች የሚታዩት በጨው ሜዳው ዳርና ዳር ነው። ዕድሜያቸው ሲለካ ብዙዎቹ 125,000 ዓመት አካባቢ ናቸው። ወደ 200,000 ዓመት የሚጠጉም አሉ። ሁለቱም ጊዜ ዓለም የሞቀችበት፣ ባሕር የሞላበት ዘመን ነው። ያኔ ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል፣ በዛሬው የዙላ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ፣ ወደ ዳናኪል ገብቶ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ። ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። በግመል ተጭኖ መቀሌ ገበያ ሲወጣ የኖረው አሞሌ ከዚያ ባሕር ጋር ዝምድና አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ የአሳሌ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች ከ110 ሜትር በላይ ወርዶ ይገኛል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያው በዳናኪል ዕድሜያቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ኮራሎች በአንድ ከፍታ ላይ አይገኙም። አንዱ ዛሬ ከባሕር ጠለል በታች ነው። ሌላው በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። አንድ ባሕር በአንድ ጊዜ ሁለት ከፍታ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው መሬቱ ነው፤ በስንጥቁ አንድ ወገን ያለው ወረደ፣ በሌላው ወገን ያለው ቀረ ወይም ተነሳ። ጸሐፊው ይህንን "እርስ በርሱ የሚጋጭ ምስክርነት" ብለውታል። ለእኔ ግን ይህ ልዩነት መሬቱ ምን ያህል እንደሄደ የሚነግረን ልኬት ነው። ለዓለም የባሕር ጠለል ጥናት ዳናኪል የመጀመሪያ ምርጫ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ዳናኪል የሚኬደው የመሬቱን ሥራ ለማየት ነው።

ኮራል ከነመሬቱ ሲወርድ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ሩቅ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1952 በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ ኢኒዌታክ በምትባል የቀለበት ቅርጽ ባላት የኮራል ደሴት ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከ1,200 ሜትር በላይ የኖራ ድንጋይ ታለፈና የእሳተ ገሞራ አለት ተገኘ። ከሥር የወጣው የኖራ ድንጋይም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የተሠራ ነበር። ታዲያ ባሕሩ ያኔ ከዛሬው በ1,200 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር ልንል ነው? ማንም አይልም። እሳተ ገሞራው ቀስ እያለ ሰጠመ፣ ኮራሉም ብርሃን እንዳያጣ ወደ ላይ እየገነባ ተከተለ። ቻርልስ ዳርዊን ይህንን ሐሳብ ያቀረበው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

አሁን ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒው ተራራ እንሂድ። ቦታው ሂዮን ልሳነ ምድር ይባላል። እዚያ ኮራሉ ዝም ብሎ ተራራ ላይ የተበተነ አይደለም። የአገራችን ገበሬ ኮንሶ ላይ የሠራውን እርከን ያየ ሰው ቅርጹን ወዲያው ይገነዘበዋል። አንዱ እርከን ከሌላው በላይ፣ በመቶዎች ሜትር ወደ ላይ ይቀጥላል። ከባሕሩ ራቅ ባሉ ቁጥር፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር፣ ዕድሜው እየጨመረ ይሄዳል። መሬቱ አንዳንድ ቦታ በሺህ ዓመት እስከ 3 ሜትር ገደማ ይነሳል። መሬቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ እንደሚሳብ ወረቀት አስቡት፣ ባሕሩን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚንቀሳቀስ እስክሪብቶ። ባሕሩ ሞልቶ ጥቂት በቆየ ቁጥር አንድ እርከን ይጻፋል። መሬቱ ባይነሳ ኖሮ ኋለኛው ባሕር የፊተኛውን ጽሕፈት በላዩ ላይ ጽፎ ያበላሸው ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው እንደ ድክመት የቆጠሩት የመሬት መነሳት መዝገቡን ያዳነው ነገር ነው።

"እሺ፣ የመሬቱን እንቅስቃሴ በምን ታውቁታላችሁ? ያንንም ከኮራሉ ነው የምታሰሉት፤ ይህ ክብ ክርክር ነው" ይላሉ ጸሐፊው። ይህ ከጽሑፉ ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ነው። መልሱ መሬቱ እምብዛም የማይንቀሳቀስባቸው ቦታዎች መኖራቸው ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ አንዱ ነው። ሲሼልስ ሌላው ነው። ሲሼልስ ላይ የ125,000 ዓመት አካባቢ ኮራል በቀጥታ ግራናይት አለት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አለቱ ያረጀ ነው፣ የተረጋጋ ነው። እዚያ የተገኘው ልኬት በዚያ ዘመን ባሕሩ ከዛሬው ወደ 7 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ እንደነበር ያሳያል፣ ከላይም ከታችም ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ የስህተት ክልል ይዞ። መነሻው የሚመጣው ከእነዚህ የተረጋጉ ቦታዎች ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደሚነሳው መሬት የሚኬደው።

ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ባርቤዶስ ላይ 125,000 ዓመት የሆነው ኮራል 43 ሜትር ከፍታ ላይ ተገኘ እንበል። ያኔ ባሕሩ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረ ቀሪው 37 ሜትር የመሬቱ ድርሻ ነው። ለ125,000 ሲካፈል በሺህ ዓመት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ የባርቤዶስ እውነተኛ ፍጥነትም በዚህ ዙሪያ ነው። እዚያው ጎን 105,000 ዓመት የሆነው ኮራል 20 ሜትር ላይ ተቀምጧል እንበል። በዚያ ሁሉ ዘመን መሬቱ 31 ሜትር ከግማሽ ተነስቷል። ስለዚህ ኮራሉ ሲያድግ ዛሬ ባሕሩ ካለበት 11 ሜትር ከግማሽ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። አለቀ። እዚህ ውስጥ ክብ የሚዞር ነገር የለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው፦ "ኮራል በጥልቅ ባሕርም ይኖራል፤ ስለዚህ የውሃ ወለል የት እንደነበር ሊነግረን አይችልም።" በጥልቅና በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖር ኮራል መኖሩ እውነት ነው። ግን እኮ እሱ ሌላ ዝርያ ነው። ለባሕር ከፍታ የሚያገለግሉት ሪፍ፣ ማለትም ከባሕር ሥር የሚነሳውን የኮራል ድንጋይ ክምር፣ የሚገነቡት ናቸው። በአካላቸው ውስጥ አልጌ የሚባል እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚሠራ ጥቃቅን ፍጥረት ይኖራል፣ አልጌው ያለ ፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም። የካሪቢያኑ አክሮፖራ ፓልማታ ማዕበሉን ፊት ለፊት ተጋፍጦ፣ በብዛት ከላይኛው 5 ሜትር ውሃ ውስጥ ያድጋል። ቅርንጫፉ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሌላው ጋር አይምታታም።

አጥኚዎች ዝርያውን ብቻ አይተው አያልፉም። ኮራሉ ባደገበት አኳኋን ቆሟል ወይስ ተገልብጧል የሚለውን ያያሉ፣ ማዕበል ትልልቅ የኮራል ቋጥኝ ነቅሎ ወደ ዳርቻ ይወረውራልና። አብረውት ያሉትን ቀንድ አውጣና ድንጋያማ አልጌም ያያሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ኮራል የሚናገረው "ውሃው ከእኔ በላይ ነበር" ብሎ ነው። ምን ያህል በላይ የሚለውን በሜትሮች ክልል ነው የሚያስቀምጠው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥንቃቄ ቢጠይቁ አብሬያቸው ነኝ።

ከዚያ የተሻለ ትክክለኛነት የሚሰጥ ኮራልም አለ። ፖራይትስ የሚባለው ክብ ኮራል ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲያድግ አናቱ የውሃው ዝቅተኛ ልክ ላይ ሲደርስ ፀሐይና አየር ያገኘዋል፣ ይሞታል። ጎኑ ግን ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ አናቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጎን ይሰፋል። ባሕሩ ከፍ ካለ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ዝቅ ካለ አንድ ደረጃ ይወርዳል። በመጋዝ ተሰንጥቆ ሲታይ ይህ መውጣትና መውረድ በዓመታዊ መስመሮቹ ላይ ይነበባል፣ በሴንቲ ሜትሮች ደረጃ። ሱማትራ ላይ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ጠረፉ ምን ያህል እንደተነሳና እንደወረደ የተለካው በዚህ ኮራል ነው።

የዕድሜው ጉዳይ ላይ ጸሐፊው በጣም ተማምነው ነው የጻፉት። የጥንት ነገሮችን ዕድሜ ለመለካት የሚያገለግለውን ካርቦን 14 ጠቅሰው "ካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት በላይ አይለካም፣ ታዲያ 125,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?" አሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን የምን ጥያቄ ነው? ለ125,000 ዓመት ካርቦን የሚጠቀም የለም። የሚሠራው ዩራኒየምና ቶሪየም ነው።

የባሕር ውሃ ጥቂት ዩራኒየም ሟሙቶ ይዟል። ቶሪየም ግን በውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮራል አፅሙን ሲገነባ ዩራኒየም ይወስዳል፣ ቶሪየም ግን ከሞላ ጎደል አያገኝም። ሰዓቱ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ከዚያ ዩራኒየም 234 ቀስ በቀስ ወደ ቶሪየም 230 ይለወጣል። የዩራኒየም 234 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካለው ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 245,000 ዓመት ገደማ ነው፣ የቶሪየም 230 ደግሞ 75,600 ዓመት ገደማ። ሁለቱ በምን መጠን እንዳሉ ከተለካ ዕድሜው ይወጣል። ዘዴው እስከ 500,000 ዓመት አካባቢ ድረስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1987 ላውረንስ ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ አተሞቹን በማስ ስፔክትሮሜትር (አተሞችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) በቀጥታ መቁጠር ሲጀምሩ የስህተቱ ክልል በብዙ እጥፍ ጠበበ።

ለመሆኑ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል? ድንጋዩ ይቆረጣል። ከውስጡ ነጭና ንጹሕ የሆነው ይመረጣል፣ የተበላውና የቆሸሸው ይጣላል። ከዚያ በኤክስሬይ ይታያል። ኮራል በሕይወት ሳለ አፅሙን የሚሠራው አራጎናይት ከሚባል ማዕድን ነው። የዝናብ ውሃ ከገባበት አራጎናይቱ ወደ ካልሳይት ይለወጣል፣ ዩራኒየምም ሊገባ ወይም ሊወጣ ይችላል። ካልሳይት የበዛበት ናሙና ይወድቃል። ይህንን ያለፈው ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፦ ወደ ኋላ ሲሰላ መጀመሪያ የወሰደው ዩራኒየም ከባሕር ውሃ ዩራኒየም ጋር መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ዕድሜው ተቀባይነት የለውም። የሚጣለው ናሙና ብዙ ነው። ዝናብ ያገኘው አሮጌ ድንጋይ ማለፉ ራሱ ዕድል ነው። "ግምት" ለሚባል ሥራ ይህ ሁሉ ልፋት አይገባም ነበር።

እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤድዋር ባርና ባልደረቦቹ ከባርቤዶስ ባሕር ሥር የወጡ ኮራሎችን በሁለቱም ዘዴ ለኩ። 20,000 ዓመት አካባቢ ላይ ካርቦኑ ዕድሜውን ወደ 3,500 ዓመት አሳንሶ ይናገር ነበር። ኮራሉ ካርቦኑን አረመው። ጸሐፊው ኮራልን ለመጣል የተመረኮዙበት መሣሪያ በኮራል የታረመ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው ይሆናል።

"ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አይስማሙም" የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ልክ ነው፣ ከቦታ ቦታ ቁጥሩ ይለያያል። ምክንያቱም ባሕር እንደ ባልዲ ውሃ እኩል አይሞላም። ትልቅ የበረዶ ክምር በስበቱ ውሃን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ሲቀልጥ አጠገቡ ያለው ባሕር ይወርዳል፣ የሩቁ ይሞላል። ከበረዶው ሸክም የተገላገለ መሬትም ይነሳል። በሰሜን ስዊድን ጠረፍ በረዶው ከሄደ ስንት ሺህ ዓመት ሆኖት ዛሬም መሬቱ በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይነሳል። ይህ ሁሉ ይሰላል። ሲሰላም ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠባል፣ የቀረው ላይ ደግሞ ክርክሩ ይቀጥላል።

ኮራል ጭራሽ የሌለበት ማረጋገጫም አለ፣ ያውም እዚሁ ደጃችን። ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት መተላለፊያ ጥልቀት የሌለው ደፍ አለው፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ 137 ሜትር ገደማ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ ከዛሬ 21,000 ዓመት አካባቢ፣ የዓለም ባሕር ከ120 እስከ 130 ሜትር ወርዶ ነበር የሚባለው እውነት ከሆነ ቀይ ባሕር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት መሆን አለበት። ውሃ ሳይለወጥለት እየተነነ ጨዋማነቱ ሰማይ መንካት አለበት። የቀይ ባሕር ወለል ደለል ተቆፍሮ ሲታይ የተገኘው ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ጨዋማነቱ በጣም ጨምሮ ከላይኛው ውሃ የሚኖሩ ጥቃቅን ዛጎላማ ፍጥረታት ከደለሉ ጠፍተዋል። ባርቤዶስ አጠገብ ሪቻርድ ፌርባንክስ ቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው የኮራል መዝገብም ወደ 120 ሜትር ነው ያለው። ሁለቱ ምስክሮች አይተዋወቁም። አንዱ ካሪቢያን ያለ ኮራል ነው፣ አንዱ ከየመን ማዶ ያለ ጭቃ።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የወደደው ነው። "ባሕሩ 120 ሜትር ከፍ ያለው ያለ አንድ መኪና ነው። ታዲያ የዛሬዋ 20 ሴንቲ ሜትር ምን ታደርጋለች?"

ያለ መኪና ከፍ ማለቱን ማንም አልካደም። ያኔ ነገሩን ያስጀመረው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት ምሕዋርና ዘንበል ማለቷ ቀስ እያለ መለወጡ ነው። ግን ኮራሎቹ እንዴት ከፍ እንዳለም ይናገራሉ። ታሂቲ ላይ የተቆፈረው ኮራል እንደሚያሳየው ከዛሬ 14,600 ዓመት አካባቢ ባሕሩ ከ350 ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ14 እስከ 18 ሜትር ከፍ ብሏል። በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። በረዶ አንዴ መፍረስ ከጀመረ ምን ያህል ሊቸኩል እንደሚችል የነገረን ኮራል ነው። ያኔ ጠረፍ ላይ ወደብ አልነበረም፣ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሸሽ ነበር። የዛሬዎቹ ከተሞች የተሠሩት ባሕሩ ከተረጋጋ በኋላ ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ነው። ምፅዋን ያየ ሰው ያውቃል፣ አሮጌዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከራሱ ከኮራል ድንጋይ ነው፣ ደጃፋቸው ከውሃው ስንት እርምጃ ነው?

የ125,000 ዓመቱን ኮራል ደግሞ እንመልከት። ያኔ የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው የበለጠው በግማሽ ዲግሪና በአንድ ዲግሪ ተኩል መካከል ብቻ ነበር። ባሕሩ ግን ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ያ ከፍታ በአንድ ቀን አልመጣም፣ በመቶዎችና በሺህዎች ዓመታት ነው የመጣው። ቢሆንም የዛሬው ሙቀት ከወዲሁ እዚያው ክልል ውስጥ ገብቷል። ባሕሩ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል፤ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ግሪንላንድና አንታርክቲካ ላይ የቀረው በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ከ60 ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ "ድሮም ነበር" የሚለው ክርክር ጸሐፊውን አያግዛቸውም። ድሮ ትንሽ ሙቀት ብዙ ውሃ አምጥቷል።

ጸሐፊው መልስ እንደሚጽፉ ተስፋ አለኝ። ሲጽፉ ግን "አንድ ቦታ ኮራል ተገኘ" የሚለውን ይተዉልን። የትኛው ዝርያ ነው፣ ባደገበት አኳኋን ቆሟል ወይ፣ ዕድሜው በምን ተለካ፣ የቆመበት መሬት በሺህ ዓመት ስንት ይሄዳል? ለዳናኪሉ ከሆነ ደግሞ ከስንጥቁ በየትኛው ወገን እንዳለ ይጨምሩበት።